የአራት አገሮች ቧንቧ፦ የምዕራብ አፍሪካ የጋዝ መስመር ውል ምን አሰረ? ምንስ ሳያስር ቀረ?

መግቢያ

የተፈጥሮ ጋዝ እንደ ድፍድፍ ነዳጅ በመርከብ ተጭኖ ገዢ ወዳለበት ወደብ ሁሉ በቀላሉ የሚጓዝ ሸቀጥ አይደለም። ወይ እጅግ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት መለወጥ፣ ወይም በግፊት ተጨምቆ በቧንቧ መላክ ይኖርበታል። በቧንቧ የሚላክ ከሆነ ሻጭና ገዢ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይተሳሰራሉ፤ ከባሕር ወለል ላይ የተዘረጋ ብረት የተሻለ ገዢ ተገኘ ተብሎ ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ አይሄድምና። ቧንቧው በርካታ አገሮችን የሚያቋርጥ ሲሆን ደግሞ የየአገሩ ግብር፣ የየአገሩ ፍርድ ቤትና የየአገሩ የፖለቲካ ለውጥ ሁሉ የሥራው አካል ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ናይጄሪያን፣ ቤኒንን፣ ቶጎንና ጋናን የሚያገናኘውን የምዕራብ አፍሪካ የጋዝ ማስተላለፊያ መስመር ይመለከታል። መስመሩ በአህጉሩ ከተሠሩት መሰል ፕሮጀክቶች መካከል የሕግ መሠረቱ በጥንቃቄ የተጣለ ነው። እንዲህም ሆኖ በአገልግሎት ዘመኑ ብዙውን ጊዜ ከአቅሙ እጅግ ያነሰ ጋዝ ሲያስተላልፍ ቆይቷል። ከዚህ ሁኔታ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ውሉ የቱን ችግር ፈታ? የቱንስ ሳይነካ አለፈ? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመስመሩ አመጣጥና አሠራር

ሐሳቡ በምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኤኮዋስ) ውስጥ የተነሣው በ1982 ነው። መነሻ የሆኑት ሁለት እውነታዎች ነበሩ። በአንድ በኩል ናይጄሪያ ከነዳጅ ጉድጓዶቿ ጋር አብሮ የሚወጣውን ጋዝ በብዛት በእሳት ታቃጥል ነበር። በሌላ በኩል ጋና፣ እንዲሁም ከጋና ኤሌክትሪክ የሚገዙት ቶጎና ቤኒን፣ በአመዛኙ በአንድ ግድብ ማለትም በአኮሶምቦ ላይ ተደግፈው ይኖሩ ነበር። በ1983 እና በ1998 የዝናብ እጥረት በደረሰ ጊዜ የቮልታ ሐይቅ መጠን ቀንሶ ከተሞች በጨለማ ሰነበቱ። ስለዚህ የአንዱ አገር ብክነት የሌላውን አገር እጥረት ሊሞላ ይችላል የሚለው ስሌት አሳማኝ ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ከሐሳቡ እስከ መጀመሪያው የጋዝ ፍሰት ሃያ ስድስት ዓመታት አለፉ። አራቱ መንግሥታት የመጀመሪያውን የመግባቢያ ስምምነት የፈረሙት በ1995 ሲሆን፣ ዋናው የመንግሥታት ውል የተፈረመው በጥር 2003 በዳካር ነው። ግንባታው በ2005 ተጀመረ። የመጀመሪያው ጋዝ በ2008 መጨረሻ ጋና ደረሰ። መጭመቂያ ጣቢያውና ቀሪዎቹ መሣሪያዎች ተሟልተው መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን በ2011 ነው። በዕቅድ ጊዜ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የተገመተው ወጪም በመጨረሻ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ።

መስመሩ 678 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የሚነሣው በናይጄሪያ ኦጉን ግዛት ከምትገኘው ኢቶኪ ነው፤ በዚያ ስፍራ ከኒጀር ዴልታ ጋዝ ከሚያመጣው ከነባሩ የእስክራቮስ–ሌጎስ መስመር ጋር ይገናኛል። ከኢቶኪ በየብስ ወደ ባዳግሪ አካባቢ ወርዶ ጋዙ በመጭመቂያ ጣቢያ ግፊት ከተሰጠው በኋላ ወደ ባሕር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ከጠረፉ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከ30 እስከ 75 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት፣ የባሕር ዳርቻውን ተከትሎ እስከ ታኮራዲ ይዘልቃል። በመንገዱ ላይ ወደ ኮቶኑ፣ ወደ ሎሜና ወደ ቴማ ቅርንጫፎች ይለያሉ። የባሕሩ ዋና ቧንቧ ስፋት 20 ኢንች ነው። መስመሩ በተሟላ የመጭመቂያ ኃይል በቀን 474 ሚሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ እንዲያስተላልፍ ታቅዶ ተሠራ።

ውሉ የፈታው ችግር

ብዙ አገሮችን በሚያቋርጡ መስመሮች ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው የመተላለፊያ አገር ነው። ቧንቧው አንዴ ከተቀበረ በኋላ በመካከል ያለው አገር የማለፊያ ክፍያ ልጨምር ቢል፣ አዲስ ግብር ቢጥል፣ ወይም በጎረቤቱ ላይ ተቆጥቶ መዝጊያውን ቢያጠብቅ ባለሀብቱ ምንም ማድረግ አይችልም። የ2003ቱ ውል ዋና ብርታት ይህን ስጋት አስቀድሞ መመልከቱ ነው።

በውሉ መሠረት አራቱ አገሮች መስመሩን በአራት የተለያዩ ሕጎች ሳይሆን በአንድ ወጥ ሥርዓት ለማስተዳደር ተስማሙ። የየአገሩ ምክር ቤትም ይህንኑ የሚያጸና ሕግ አወጣ። በአራቱም ስም የሚቆጣጠር አንድ ባለሥልጣን በአቡጃ ተቋቋመ። ከኩባንያው የሚሰበሰበው ግብር በጋራ ደንብ ተሰልቶ በቀመር ይከፋፈላል፤ አንዱ አገር ብቻውን ተነሥቶ ሊለውጠው አይችልም።

ባለቤትነቱም በዚሁ መንፈስ ተዋቀረ። መስመሩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ትልቁን ድርሻ የያዘው ቼቭሮን ሲሆን፣ የናይጄሪያ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ፣ ሼልና የጋና የቮልታ ወንዝ ባለሥልጣን ይከተላሉ። የቶጎና የቤኒን ተቋማት እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ያህል ያዙ። ይህ ድርሻ በገንዘብ ሲታይ ጥቂት ቢመስልም ትርጉሙ ሰፊ ነው፤ ቧንቧው በደጃቸው የሚያልፍ ሁለት ትንንሽ አገሮች ከተመልካችነት ወደ ባለንብረትነት ተሸጋገሩ። ራሳቸውም ከመስመሩ ጋዝ የሚቀበሉ በመሆናቸው ፍሰቱን ማቋረጥ ራስን መጉዳት ሆነባቸው። የዓለም ባንክ ቡድን ደግሞ የጋናን የክፍያ ግዴታና የፖለቲካ ስጋትን የሚሸፍን ዋስትና በመስጠት ባለሀብቶችን አደፋፈረ።

ውጤቱም ለዚህ ጥረት ይመሰክራል። መስመሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከገጠሙት ዋና ዋና መስተጓጎሎች መካከል በቤኒን ወይም በቶጎ የመተላለፊያ ክርክር የመጣ አንድም አይጠቀስም። ውሉ መካከሉን በሚገባ አስሯል።

ያልታሰሩት ሁለት ጫፎች

ችግሩ የመጣው ከሁለቱ ጫፎች ነው፤ ከምንጩና ከከፋዩ።

በምንጩ በኩል ያለውን ችግር ለመረዳት የእስክራቮስ–ሌጎስን መስመር ማየት ይበቃል። ወደ ጋና የሚሄደው ጋዝ የራሱ የተለየ ጉድጓድና የራሱ የተለየ ቧንቧ የለውም። የሚቀዳው በሌጎስ አካባቢ ያሉ የናይጄሪያ ኃይል ማመንጫዎችም ከሚጠጡበት ከዚያው መስመር ነው። ናይጄሪያ በ2008 ባወጣችው ደንብ አምራቾች ከጋዛቸው የተወሰነውን ለአገር ውስጥ ገበያ እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለች። የራሱ ሕዝብ የመብራት እጥረት ያለበት መንግሥት እንዲህ ያለ ደንብ ማውጣቱ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ምንጭ ሁለት ቃል ኪዳን ተገባ፤ ጋዙ ሲያንስ ማን ቀድሞ ይቀበላል የሚለው በግልጽ አልተቋጨም። በኒጀር ዴልታ ያለው አለመረጋጋት ሲታከልበት ነገሩ ይብስ ጀመር። በ2016 ታጣቂዎች በዴልታው የነዳጅና የጋዝ ተቋማት ላይ ጥቃት ሲያደርሱ ጉዳቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ወደሚገኙት የጋና ተርባይኖች ተላለፈ።

በዚህ ላይ የተፈጥሮ ሕግ ይጨመርበታል። ጋዝ የሚፈሰው በግፊት ልዩነት ነው፤ በመግቢያው የሚገባው ሲቀንስ የቧንቧው ግፊት በሙሉ ይወርዳል። ተርባይን ደግሞ ከተወሰነ ግፊት በታች አይሠራም። በመሆኑም የአቅርቦት መጠን በግማሽ ሲቀንስ የሚጠፋው ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ አይሆንም።

በከፋዩ በኩል ያለው ችግርም ከዚህ አያንስም። ዋናው ገዢ የጋናው የቮልታ ወንዝ ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ጋዙን የሚገዛው በዶላር ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚሸጠው በሴዲ፣ ያውም መንግሥት በሚቆጣጠረው ታሪፍ ነው። ከእርሱ ገዝቶ የሚያከፋፍለው ድርጅት ደግሞ ከደንበኞቹ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ጭምር፣ ሂሳቡን በወቅቱ አይሰበስብም። ስለዚህ የሴዲ ዋጋ በወደቀ ቁጥር ዕዳው ይከማቻል። በ2015 እና በ2016 የጋዝ ሻጩ ያልተከፈለውን ዕዳ ጠቅሶ ለጋና የሚሰጠውን አቅርቦት እስከ መቀነስ ደረሰ። ወቅቱ ጋናውያን “ዱምሶር” ብለው የሰየሙት፣ መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ዘመን ነበር።

እዚህ ላይ የሁለቱ ጫፎች ችግር አንዱ ሌላውን እንደሚመግብ ልብ ማለት ያሻል። ጋዝ በተቋረጠ ጊዜ ጋና እጅግ ውድ በሆነ ድፍድፍ ነዳጅ ተርባይኖቿን ታንቀሳቅሳለች፤ በዚህም ገንዘቧ ይሟጠጣል። ገንዘቧ ሲሟጠጥ የጋዝ ዕዳዋን መክፈል ይሳናታል። ዕዳው ሲቆይ ሻጩ ጋዙን ይቀንሳል። የዓለም ባንክ ዋስትናም ይህን አዙሪት ለመስበር አልተዘጋጀም፤ ዋስትና ባለሀብቱ ገንዘቡን እንዳያጣ ይጠብቃል እንጂ የወር ሂሳብ በወሩ እንዲከፈል አያደርግም።

መልህቅና ማሳ

ከጫፎቹ ሌላ ሁለት ክፍተቶች መጠቀስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የባሕሩ ነው። መስመሩ በባሕር እንዲያልፍ የተመረጠው ሕዝብ በብዛት የሰፈረበትን ጠረፍ ለመሸሽ ነበር። ሆኖም በነሐሴ 2012 ከሎሜ ወደብ አጠገብ የባሕር ወንበዴዎች አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ለመጥለፍ ሲሞክሩ የተጎተተው መልህቅ ቧንቧውን ሰበረው። ጥገናው ተጠናቆ ፍሰቱ የተመለሰው በሐምሌ 2013 ነው። በቴማ የሚገኘውና በዚያን ጊዜ ከጋዝ በቀር ሌላ ነዳጅ የማይቀበለው የአሶግሊ ኃይል ማመንጫ ያን ሁሉ ወራት ያለ ሥራ ቆመ። አንድ መስመር፣ አንድ ምንጭና አንድ ዓይነት ነዳጅ ሲገናኙ አንድ መልህቅ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ክስተቱ አሳይቷል።

ሁለተኛው የምድሩ ነው። በናይጄሪያ በኩል ቧንቧው በማሳቸው ያለፈባቸው ማኅበረሰቦች በ2006 ለዓለም ባንክ የቁጥጥር ቡድን አቤቱታ አቀረቡ። ቡድኑም መርምሮ ባቀረበው ሪፖርት የተከፈለው ካሳ ገበሬዎቹ ያጡትን መተዳደሪያ ለመተካት በቂ እንዳልነበረ አረጋገጠ። አራት መንግሥታትን ያስማማው ውል መሬቱ የተወሰደበትን ገበሬ በዚያው ጥንቃቄ አላስተናገደም።

የፍሰቱ መገልበጥ

የመስመሩ ታሪክ ያልታሰበ መልክ የያዘው ከጋና ምዕራባዊ ጠረፍ ነው። በ2007 የተገኘው የጁቢሊ የነዳጅ መስክ፣ ኋላም የሳንኮፋ መስክ ለጋና የራሷን ጋዝ አስገኙ። ይሁን እንጂ ጋዙ የሚወጣው በምዕራብ ሲሆን ብዙዎቹ ማመንጫዎች ያሉት በምሥራቅ፣ በቴማ ነው። በመካከላቸው አዲስ ቧንቧ ከመዘርጋት ይልቅ በባሕሩ ውስጥ የተዘረጋውን መጠቀም ተመረጠ። ከ2019 ጀምሮ ከናይጄሪያ ወደ ምዕራብ እንዲፈስ የተሠራው መስመር ከታኮራዲ እስከ ቴማ ባለው ክፍሉ የጋናን ጋዝ ወደ ምሥራቅ ያሻግር ጀመር።

ይህ ለውጥ ሁለት ነገር ያስተምራል። ቧንቧ የአንድ ሻጭ ብቻ መንገድ ሆኖ ሲታሰብ ሻጩ በደከመ ቁጥር ይደክማል፤ ከየትኛውም ጫፍ ጋዝ የሚቀበል ሲሆን ግን ዋጋው ይጨምራል። ደግሞም ጋና አማራጭ ምንጭ ማግኘቷ ከናይጄሪያ ጋር ያላትን የንግድ ግንኙነት አላፈረሰውም፤ ይልቁንም በአንድ ሻጭ ላይ የነበራትን ጥገኝነት አቀለለላት።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የምዕራብ አፍሪካ መስመር የተቸገረው አገሮቹ መስማማት አቅቷቸው አይደለም። በመተላለፊያው ላይ ተስማምተዋል፤ ስምምነቱም ጸንቷል። ያልጸናው ከውሉ ጽሑፍ ውጭ የቀረው ነው፦ የሻጩ አገር የራሱን ሕዝብ ፍላጎት ከውጭ ግዴታው ጋር የሚያስታርቅበት መንገድና የገዢው አገር የመብራት ሂሳቡን የሚሰበስብበት አቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲገመገም ከቧንቧው ርዝመትና ከወጪው በፊት የከፋዩ የሂሳብ መዝገብና የምንጩ የአገር ውስጥ ፍጆታ መመርመር ይኖርባቸዋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ2019 ኢትዮጵያና ጅቡቲ የኦጋዴንን ጋዝ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ የሚያደርስ መስመር ለመዘርጋት ተፈራርመው የነበረ ቢሆንም ቧንቧው አልተዘረጋም። በዚያ ዕቅድ ጋዙ በጠረፉ ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ ለሩቅ ገበያ እንዲሸጥ የታሰበ በመሆኑ የከፋዩ ጥያቄ ከጋናው ይለያል። የምንጩ ጥያቄ ግን ያው ነው። የካሉብና የሂላላ ጋዝ ለውጭ ገበያ፣ ለማዳበሪያ ፋብሪካና ለኃይል ማመንጫ በአንድ ጊዜ ቃል ሲገባበት፣ ባነሰ ጊዜ ማን ቀድሞ እንደሚቀበል በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ግጦሹ ላይ ቧንቧ ሲያልፍ የሚያገኘው ካሳ በምን እንደሚሰላም እንዲሁ። እነዚህ ጥያቄዎች ከግንባታ በፊት ሲነሡ በወረቀት ላይ ይፈታሉ፤ ከግንባታ በኋላ ሲነሡ ግን እንደ ጋናው በጨለማና በዕዳ ይከፈልባቸዋል።