የቤተሰብ ቃል ለሕክምና ሥራ ያለው ጥቅም

በአገራችን አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት፥ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው» እያለ ቤተ ሰቡን ያጽናናል። ይህ ቃል ለኀዘንተኛ የሚገባ ስለ ሆነ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን የጤና ሠራተኛ በዚሁ ቃል ረክቶ መዝገቡን የዘጋ እንደ ሆነ፥ የዚያችን ሴት ዕድሜ ያሳጠረው ነገር ሳይታወቅ ይቀርና ነገ ጎረቤቷን ይጠብቃታል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን የቤተሰብ ትረካ የእናቶችን ሞት ለመቀነስ እንዴት እንደሚረዳ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ልንገልጽ አስበናል።

የሐኪም ቤት ካርድ ታሪኩን የሚጀምረው በሽተኛዋ በሩን ከገባች በኋላ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ካርድ ላይ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ደረሰች፤ ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ፈስሷታል፤ 8 ሰዓት ላይ ዐረፈች» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ይህን ያነበበ ሐኪም የሞቷ ምክንያት የደም መፍሰስ ነው ይላል፤ አባባሉም ትክክል ነው። አማቷ ግን ከመጀመሪያው ጀምረው እንዲናገሩ ቢጠየቁ እንዲህ ይሉ ይሆናል፤ «ልጁ የተወለደው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ደሙ አልቆም ሲል ያው የወላድ ደም ነው ብለን ጠበቅን። 4 ሰዓት ሲሆን ልጄ ለመኪና የሚከፍለውን ገንዘብ ሊበደር ወጣ። መኪና የተገኘው 6 ሰዓት ነው። ከደረስንም በኋላ የመድኃኒቱ ክፍል ቁልፍ ጠፍቶ ሲፈለግ ቆየ።» ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብርቱ ደም ካልታከመ በ2 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሊገድል እንደሚችል የሚያውቅ ሰው፥ የባከነውን ጊዜ ከአማቷ ቃል ውስጥ ቈጥሮ ያገኘዋል። ስለ ቁልፉ የሚናገር ካርድ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ሰው ራሱን የሚያስወቅስ ነገር በገዛ እጁ መጻፍ አይወድምና።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን መዘግየት በሦስት ከፍለው አሳይተዋል። ይኸውም ወደ ሕክምና ለመሄድ እስኪወሰን፥ ከውሳኔው በኋላ ሐኪም ቤት እስኪደረስ፥ ከተደረሰም በኋላ ተገቢው ሕክምና እስኪገኝ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከቤተሰብና ከጎረቤት በቀር በሚገባ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛውንም ቢሆን ከእኛ ይልቅ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጠበቀ አስታማሚ አጥርቶ ያስታውሰዋል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የእናቶች ሞት በምስጢር ሲመረመር ኖሯል። በአገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእናቶችን ሞት የመከታተልና ምላሽ የመስጠት ሥርዐት ተቋቁሟል። በዚህ ሥርዐት ከጤና ድርጅት ውጭ ስለ ሞተች እናት ቤተ ሰቧ ይጠየቃል፤ የሟችም ሆነ የሠራተኛ ስም በምርመራው ወረቀት ላይ እንዳይወጣ ይደረጋል፤ የምርመራው ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለምና።

አጠያየቁ የራሱ ወግ አለው። ጠያቂው ኀዘኑ ጥቂት ጋብ እስኪል ይታገሣል። አባወራ ስለ ሆነ ብቻ ለመናገር የሚቀርበው ሰው በምጡ ሰዓት ከደጅ የነበረ ሊሆን ስለሚችል፥ አጠገቧ የነበረችው ሴት መፈለግ አለባት። እርሷም ሳትቋረጥ እስከ መጨረሻው ትናገር፤ ዝርዝሩ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ለምን ቀድማችሁ አላመጣችኋትም?» የሚል ቃል ከአፍ የወጣ እንደ ሆነ ግን ትረካው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ምክንያት ብቻ ነው። ሰዓት የሌለው ሰው «ከብት ሲገባ» ወይም «ዶሮ ሲጮኽ» ቢል ይበቃል፤ ይህን ወደ ሰዓት ለመመለስ የሠፈሩ መምህር ከጠያቂው ይልቅ ይረዳል። ለዚህ ሥራ የተጠራ መምህር የሰማውን ወደ መምህራን ክፍልም ሆነ ወደ ሌላ ጨዋታ እንዳያወጣው አጥብቀን እናሳስባለን።

በሕይወት ላለ በሽተኛም ነገሩ ያው ነው። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረና ምን እንደ ተወሰደ፥ የባህል መድኃኒት ጭምር፥ በደብተር ጽፎ መምጣት ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ቃሉን የሰጠ ቤተ ሰብ በቃሉ ምክንያት ምን እንደ ተስተካከለ ሊነገረው ይገባል። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ፥ የመድኃኒቱ ክፍል ቁልፍ ከእንግዲህ ሌሊቱን ሁሉ በተረኛዋ አዋላጅ እጅ እንዲያድር የተወሰነ እንደ ሆነ፥ ይህንኑ ለአማቷ የሚነግር ሰው መላክ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።