የጎደለው 5 ኬልቪን፦ የአይሶቶፕ ውጤት በኩፕሬት ሱፐርኮንዳክተሮች

የሶሊድ ስቴት ፊዚክስ ኮርስ ስወስድ በሴሚናር ላይ «በኩፕሬቶች የአይሶቶፕ ውጤት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የአተሞች ንዝረት አያገባውም» ብዬ ነበር። መምህራችን «በምን አወቅህ?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለዚያ ጥያቄ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሜርኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 እንደተለካው፣ የሜርኩሪ አማካይ የአተም ክብደት ከ199.5 ወደ 203.4 ሲጨምር፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት የሽግግር ሙቀት ከ4.185 ወደ 4.146 ኬልቪን ይወርዳል። የሽግግር ሙቀቱ ከክብደቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል ማለት ነው፤ ኤክስፖነንቱ (አልፋ) 0.5 ነው። ኒውትሮን ሲጨመር የኤሌክትሮኖቹ ብዛት አይለወጥም፤ የሚለወጠው የአተሙ ንዝረት ነው። በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ያወጡት ቲዮሪም ኤሌክትሮኖችን የሚያጣምረው ይኸው ንዝረት (ፎኖን) ነው አለ።

በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር ኩፕሬቶች ሱፐርኮንዳክተር መሆናቸውን አገኙ። በዓመቱ የሽግግር ሙቀቱ 92 ኬልቪን ገደማ የሆነ የይትሪየም፣ የባሪየም፣ የመዳብና የኦክስጅን ውህድ ተሠራ። ተመራማሪዎች ወዲያው ኦክስጅን 16ን በኦክስጅን 18 ተክተው ለኩ። ንዝረቱ የኦክስጅን ብቻ ነው ብንልና አልፋ 0.5 ቢሆን፣ ሙቀቱ ወደ 87 ማለትም 5 ኬልቪን ያህል መውረድ ነበረበት። የወረደው ግን 1 ኬልቪን እንኳ አይሞላም!

እኔ ያቆምኩት እዚህ ላይ ነበር። ሁለት ነገር ስቻለሁ።

አንደኛ፣ ሩቴኒየም ተራ የፎኖን ሱፐርኮንዳክተር ሆኖ ሳለ አልፋው ወደ ዜሮ የቀረበ ነው፤ የኤሌክትሮኖቹ መገፋፋት ውጤቱን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ትንሽ አልፋ ብቻውን «ፎኖን የለበትም» አያሰኝም።

ሁለተኛ፣ በኩፕሬት አልፋ አንድ ቁጥር አይደለም። በላንታነም ኩፕሬት የስትሮንሺየሙ ድርሻ 0.15 ገደማ ሲሆን የሽግግር ሙቀቱ ከፍተኛ፣ አልፋ ደግሞ ትንሽ ነው። ድርሻው ወደ 0.12 ሲጠጋ ግን አልፋ ከ0.5 በላይ ይወጣል።

ልኬቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የኦክስጅኑ መጠን ትንሽ ቢዛነፍ የሽግግር ሙቀቱ ይለወጣል። ስለዚህ አንዱን ናሙና ለሁለት ቆርጠው፣ አንዱን በኦክስጅን 16 ሌላውን በ18 ጋዝ ውስጥ እኩል ያሞቋቸዋል፤ ከዚያ ጋዙን ያቀያይሩታል። የሽግግር ሙቀቱም አብሮ ከተቀያየረ ልዩነቱ የክብደት ነው።

እንግዲህ ንዝረቱ በነገሩ ውስጥ እጁ አለበት። እጁ መኖሩና ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምረው እሱ መሆኑ ግን ለየቅል ናቸው፤ በአጣማሪው ላይ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። እናንተም «የኩፕሬት አልፋ ስንት ነው?» ብትባሉ፣ መጀመሪያ «በየትኛው ዶፒንግ?» ብላችሁ ጠይቁ።