ፕላንም ውል ነው



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ ከዚያም አልፎ ወደ አምባሰል ሲገባ ውጫሌ ይደርሳል። ውጫሌ በታሪካችን የታወቀችው በሕንፃዋ ወይም በገበያዋ አይደለም፤ በውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። በአማርኛው 17ኛው አንቀጽ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መገልገል እንደሚችሉ ይናገራል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ወረቀቱ አንድ፥ ንባቡ ሁለት ሆነ፤ የጠቡም መጨረሻ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ታየ።

የኪነ ሕንፃና የከተማ ንድፍ ተማሪዎች ስንሆን ስለ ውል የምናወራው ስለ ምን ነው? እኛ የምንሥለው ፕላን ራሱ ሁለት ንባብ ያለው ወረቀት ስለ ሆነ ነው። የሠራው ሰው በመስመርና በቀለም ያነበዋል፤ የሚኖርበት ሰው ግን በእግሩ፥ በጓሮውና በደጁ ያነበዋል። ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ ጉዳቱ የሚደርሰው በሁለተኛው ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሐይቅንና አምባሰልን ምሳሌ አድርገን፥ ከመሣላችን በፊት እንዴት ማንበብ እንደሚገባን የተማርነውን እናቀርባለን።

ትምህርታችን ሁለት ክፍል አለው። ኪነ ሕንፃ የምንለው ቤቱን፥ ይኸውም መሠረቱን፥ ግድግዳውን፥ ጣሪያውን፥ ብርሃንና ነፋስ የሚገባበትን ይመለከታል። የከተማ ንድፍ የምንለው ደግሞ በቤትና በቤት መካከል ያለውን፥ ይኸውም መንገዱን፥ ገበያውን፥ የውኃ መውረጃውን፥ የልጆች መጫወቻውን፥ የመቃብሩን ስፍራ ሳይቀር ይመለከታል። ቤት ቢበላሽ አንድ ቤተ ሰብ ይቸገራል፤ በመካከል ያለው ቢበላሽ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይቸገራል፥ ስሕተቱም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በአገራችን ለዚህ ትምህርት መሠረት ከጣሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ነው፤ እርሱም በ1961 ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ትምህርቱ በየክልሉ ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል። ሆኖም ተማሪው የትም ይማር የት፥ የሚያደንቃቸው ንድፎች የሚበዙት የውጭ አገር ናቸው። ማድነቁ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ስሙ በዓለም የታወቀው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ፥ ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘችበት በ1936 እ.ኤ.አ. ለከተማይቱ ንድፍ ሥሎ ነበር። ከተማይቱን ግን ረግጧት አያውቅም። በንድፉ ላይ ቀጥ ያለ ታላቅ ጎዳና ይታያል እንጂ የነበሩት ሰፈሮችና ነዋሪዎቻቸው አይታዩም። ንድፉ አልተሠራበትም። እንዲህ ያለው ስሕተት ግን የታላላቆች ብቻ አይደለም፤ እኛም በየጠረጴዛችን ላይ እንሠራዋለን።

አንደኛ፤ ውኃውን ማንበብ።

የሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ካለው ውኃ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ትልቁ ነገር ግን ከእርሱ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ አለመኖሩ ነው። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ ጎርፍ ያመጣው አፈርና ከሰፈር የወረደው እድፍ ግን እዚያው ይቀራል። ወንዝ አጠገብ ያለ ከተማ ቆሻሻውን ወደ ጎረቤት ይሰዳል፤ ይህ በጎ ሥራ ባይሆንም ከዓይን ይርቃል። የሐይቅ ከተማ ግን የጣለችውን መልሳ የምታገኝ ናት። ስለዚህ እዚህ የመጸዳጃ ጉድጓድና የጎርፍ መውረጃ ቦይ ከሕንፃው ፊት ማማር ይቀድማሉ።

በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት በደሴት ላይ ነበር፤ ውኃው ስለ ሸሸ ዛሬ ስፍራው ከየብስ ጋር ተያይዟል። ይህ ለእኛ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። የውኃው ዳር ቋሚ መስመር እንዳልሆነ፥ በካርታ ላይ በሰማያዊ ቀለም የምናሰምረው ድንበር እንደሚሄድና እንደሚመለስ ያስተምረናል። ዳሩን ይዞ ሆቴል የሚሥል ተማሪ ይህን ሳይጠይቅ እርሳሱን ማንሣት አይገባውም።

ያገሩ ሰው ደግሞ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚያወርሰው ተረት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበድላ ነበርና እግዚአብሔር ተቈጥቶ እርስዋ ከተቀመጠችበት በቀር ምድሩን ሁሉ ውኃ አደረገው ይባላል። ተረቱን እንደ ተረት እንቀበለው። ሆኖም ሰፈር በግፍ እንደሚጠፋ ያገሩ ሽማግሌ ከእኛ መጽሐፍ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሁለተኛ፤ መንገዱን ማንበብ።

ሐይቅና ውጫሌ ወደ ሰሜን በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው። በመኪና መንገድ ላይ እንዳደጉ ብዙ ከተሞቻችን ሁሉ ሱቁ፥ ሻይ ቤቱና ምግብ ቤቱ ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞራል። መሐንዲሱ ይህን መስመር የመኪና መተላለፊያ ብሎ ያነበዋል፤ ነጋዴዋ ግን የእንጀራዬ ገመድ ብላ ታነበዋለች። መኪናው እንዲፈጥን መንገዱን ከከተማ ውጭ ብናዞረው ነጋዴዋ ትከስራለች፤ ባለበት ብንተወው ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ከጭነት መኪና ጋር ይጋፋል። ለዚህ ጥያቄ አንድ የተዘጋጀ መልስ የለም። ጥያቄውን ግን ሳያይ ያለፈ ንድፍ፥ መስመሩ ምንም ቢያምር፥ ያልተሠራ ንድፍ ነው።

ሦስተኛ፤ ቤቱንና ደጁን ማንበብ።

የደጋው ሰው በድንጋይ ካብ ይሠራል፤ በብዙ ስፍራ ደግሞ ቋሚ እንጨት ተክሎ፥ በማገር አያይዞ፥ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመርግበታል። ጭቃው ለቀናት የሚቦካው በከንቱ አይደለም፤ ጭዱ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ነው። የጭቃን ቤት የሚያፈርሰው ጭቃነቱ ሳይሆን ውኃ ነው፤ በድንጋይ መሠረት ከምድር ከፍ ካለና የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ ከሆነ ረጅም ዘመን ይኖራል። ባዶ ቆርቆሮ ቀን ያግላል፥ ሌሊት ያበርዳል፤ የጭቃ ግድግዳ ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል፥ ቀስ ብሎም ይመልሳል። ይህን ዕውቀት ኋላ ቀር ብሎ የሚያልፍ ተማሪ የመምህሩን ንግግር ሳይሰማ ከክፍል እንደ ወጣ ይቈጠራል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ወራት የሰፈር ካርታ ስንሥል ቤቱን አጥቍረን ደጁን ነጭ እንተወው ነበር፤ ከጐኑም «ባዶ ቦታ» ብለን እንጽፍ ነበር። ደጅ ግን ባዶ አይደለም። እህል የሚሰጣበት፥ በርበሬ የሚደርቅበት፥ ቡና የሚፈላበት፥ ጎረቤት የሚታረቅበት ነው። ሠርግ ሲሆን ዳሱ፥ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የሚተከለው በዚያ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በሐዘን ቀን የሚሰበስበው በዚሁ ነው። እኛ «ባዶ» ባልነው ላይ አዲስ ቤት ብንሥል ለሙታን የሚለቀስበትን ስፍራ ወሰድን ማለት ነው። በካርታው ላይ ግን ማንንም የበደልን አይመስለንም።

አራተኛ፤ ፕላኑን ለባለቤቱ ማስነበብ።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቍጥር 574 የመዋቅር ፕላን የሚጸናበትን ዘመን ዐሥር ዓመት አድርጎ ወስኖ ነበር፤ ሕዝቡም በዝግጅቱ እንዲሳተፍ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ መልካም ነው። ነገር ግን ወረቀቱን በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «አስተያየት ስጡ» ማለት ማሳተፍ አይደለም። ካርታ ማንበብ ያልተማረ ሰው ያፍራል፥ ዝምም ይላል፤ እኛም ዝምታውን ስምምነት ብለን እንመዘግበዋለን። ይህ የ17ኛው አንቀጽ ነገር አይደለምን?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አዲሱ መንገድ የሚያልፍበትን በችካልና በሲባጎ መሬት ላይ ማሳየት ነው። እማማ ሲባጎው ማድ ቤታቸውን ለሁለት እንደ ከፈለው ሲያዩ ያን ጊዜ ይናገራሉ፤ የሚናገሩትም ከማንኛውም መምህር እርማት የበለጠ ነው። የቅሬውን ዳኛ፥ ዓሣ አስጋሪውን፥ ውኃ የምትቀዳውን ልጅ ከሲባጎው አጠገብ ማቆም ያሻል። የሥዕሉን ቋንቋ እኛ ተምረናል፤ ስለዚህ የመተርጐም ዕዳው የእኛ ነው፥ የእነርሱ አይደለም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ዲግሪያችንን ስንቀበል ብዙዎቻችን በማናውቀው ከተማ ላይ እንድንፈርም እንጠየቃለን። ፊርማችን ያረፈበት መስመር የአንድን ገበሬ ማሳ ከመንገድ ጋር፥ የአንድን ሰፈር እድፍ ከሐይቅ ጋር ያገናኛል። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደየሀገራችን ስንመለስ አንዲት ሥራ እንድንሠራ እንጠይቃለን። አንድ ደጅ እንምረጥ፤ ከጧት እስከ ማታ በዚያ ማን እንደ ገባ፥ ምን እንደ ተሠራ፥ ጥላው የት እንደ ወደቀ በወረቀት እንሣል። ከዚያም ሥዕሉን ለቤቱ እመቤት እናሳያት። እርስዋ «አዎን፥ ይህ የኔ ደጅ ነው» ካለች፥ የመጀመሪያውን ውል በትክክል ጽፈናል።