ለቀጠርነው ሰው የሚገባው
(ለካቴኪስቶችና ለጥናት ቡድኖች)

ስለ ቀጣሪና ተቀጣሪ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ፋብሪካንና መሥሪያ ቤትን ነው። ሆኖም በአሶሳና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ከእኛው ከምእመናን መካከል ስንቱ ቀጣሪ ነው! አንዱ ለሰሊጥና ለማሽላ አረም የቀን ሠራተኛ ይይዛል፤ ሌላው ለሱቁ አሻሻጭ፣ ለቤቱም የቤት ሠራተኛ ይቀጥራል። ቁምስናም ቢሆን ዘበኛ፣ ወጥ ቤትና የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ያስፈልገዋል።

«ተስማምታ ነው የገባችው» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ሠራተኛ በችግር ተገዶ ያነሰ ደመወዝ ቢቀበል ስምምነቱ ብቻውን ፍትሕ እንደማያደርገው አስተምረዋል። ከገጠር ትናንት የመጣች ልጅ የከተማውን ዋጋ ከየት ታውቃለች? ዋጋውን የምናውቀው እኛ ነን።

የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቃል ውልን ይቀበላል፤ ነገር ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። በአካባቢያችን በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ይኖራሉ፤ በአማርኛ የተጻፈውን ወረቀት በሠራተኛው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው መፈለግ የቀጣሪው ድርሻ ይመስለናል። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። «እስቲ ትሞከር» እያሉ ወራት ያለ ደመወዝ ማሠራት ሙከራ አይባልም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም።

የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከቤቱ የምታድረዋን ሠራተኛ ጤንነትና ሥነ ምግባር እንዲጠብቅ ቀጣሪውን ያስገድዳል። እንግዲህ የምትተኛበት ቦታና እሑድ ለቅዳሴ የምትወጣበት ሰዓት በአብዛኛው ለእኛ ኅሊና የተተወ ነው። እመቤቲቱ ቅዳሴ ላይ ስትሆን ልጅቱ ድስት ጥዳ የምትቀርበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያንም ራሷን ትመርምር። አዋጁ የሃይማኖት ድርጅቶችን በሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ የተለየ ነገር ሊወስን እንደሚችል ይፈቅዳል። የራሳችን ሕግ ግን አይለቀንም፤ የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና (1983) በቁጥር 1286፣ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (1990) ደግሞ በቁጥር 1030፣ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚያስተዳድሩ ሁሉ የመንግሥትን የሥራ ሕግ እንዲጠብቁና ተገቢ ደመወዝ እንዲከፍሉ ያዛሉ። በፈቃዱ የሚያገለግል ካቴኪስት ሌላ ነው፤ በደመወዝ የተቀጠረውን ዘበኛ ግን «ለእግዚአብሔር ብለህ ታገሥ» እያሉ ሦስት ወር ማቆየት አይገባም።

«ሰሊጡ ሲሸጥ እከፍላለሁ» የሚለውስ? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሃ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲከፈለው ታዝዟል፤ የገበያው ጉዳት በቀን ሠራተኛው ላይ እንዲወድቅ አልተፈቀደም። ሠራተኛው ሲሰናበትም ያገለገለበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይገባዋል። ተጣልቶ ቢሄድ እንኳ አይከለከልም።

ለውይይት፦ ያዕቆብ 5፥4ን አንብቡ። በቁምስናችን ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ አለን? ለማን አቤት ይላል? የቁምስናው ምክር ቤት እስከሚቀጥለው ስብሰባ ምን ሊፈጽም ይችላል?