ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታና ባክቴሪያ ምግቡን ስለሚያስገባበት በር

በቦንጋና በመላው የከፋ አገር እንሰት የቤተ ሰብ ቆጮና የክፉ ቀን ስንቅ ነው። ይህን ተክል ከሚያጠፉት ደዌዎች ዋናው አጠውልግ ነው፤ አምጪውም ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ገልጸዋል።

ባክቴሪያ አፍም ሆድም የለውም፤ አካሉ ከቅባት በተሠራ ስስ ሽፋን የተከበበ ነው። ለሰውነቱ መሥሪያ የሚሆነው አሚኖ አሲድ ግን በውሃ እንጂ በቅባት የማይሟሟ ስለ ሆነ ያለ በር በደኅና ሊገባ አይችልም። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሉት። የዛንቶሞናስ ሽፋን ድርብ ነው፤ የውጭኛው ቀዳዳዎች ጥቃቅኑን ያሳልፋሉ፥ የውስጠኛው በሮች ግን እየለዩ ያስገባሉ። አንዳንዱ በር ኤ.ቲ.ፒ. የሚባለውን የኃይል ስንቅ እያጠፋ ይስባል፤ ሌላው ወደ ውስጥ ከሚፈሰው የሃይድሮጅን ወይም የሶዲየም አዮን ጋራ አጣምሮ ያስገባል። በዚህም ኃይል በውጭ ጥቂት የሆነው ምግብ በውስጥ ይከማቻል።

እንግዲህ በቢላዋ ላይ የቀረው ጥቂት ጭማቂ እንኳ የሚናቅ አይደለም፤ ባክቴሪያው በተክሉ ቁስል ከገባ ተመግቦ ይበዛልና። እሳት ግን ፕሮቲኑንም ሽፋኑንም ያፈርሳል፤ በሩ የፈረሰበትም ባክቴሪያ ይሞታል።

ስለዚህ ሹማምንት ገበሬውን፥ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳይሻገር ቢላዋውን በእሳት እንዲያግል፥ የታመመውን ነቅሎ እንዲቀብር፥ ከብቱንም ከእንሰቱ እንዲያርቅ ሊመክሩት ይገባል። ለታመመው ተክል ፈዋሽ መድኃኒት የለምና፥ ጥንቃቄው ራሱ መድኃኒት ነው።