ዓባይና ተማሪው

ልጆች ሆይ፤ ከአሶሳ በስተሰሜን የሚያልፈውን ዓባይን ታውቁታላችሁ። ዳቡስንና በለስን ተቀብሎ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋራ ይገናኛል። ከዚያም ብዙ የአሸዋ ምድር አቋርጦ በግብፅ አገር ከሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ወንዙ ከባሕር ከሚገባበት በስተምዕራብ፥ በባሕሩ ዳር፥ እስክንድርያ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ፀሐይዋ ብሩህ፥ ነፋሷም የባሕር ሽታ ያለው ነው። ዛሬ ከአገራችን ወጥተው በዚህች ከተማ ስለ ተማሩ ልጆች እናንብብ።

ከኢጣልያ ወረራ አስቀድሞ ራስ ተፈሪ መኰንን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፥ ወጣቶችን እየመረጡ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይልኩ ነበር። ከእነዚህ ጥቂቶቹ በእስክንድርያ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ዘመን ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው ምድር ባቡር እስከ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ከጅቡቲም በመርከብ ተሳፍሮ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ ወደ ግብፅ ይደርሳል። በደጋ ያደገ ልጅ ባሕርን መጀመሪያ ባየ ጊዜ ምንኛ ይደነቅ! ወንዝ ማዶ አለው፤ የባሕር ማዶ ግን ለዓይን አይታይም።

ከተማይቱ ዓይንን የሚማርክ ነገር ሞልቶባት ነበር። ከየአገሩ መርከብ ይመጣል፤ ገበያው ይደምቃል፤ ሕዝቡም ማታ ማታ በባሕሩ ዳር ይመላለሳል። ተማሪዎቹ የተላኩት ግን ይህን ለማየት ብቻ አልነበረም። ትምህርቱም የሚሰጠው በእናታቸው ቋንቋ ሳይሆን በባዕድ ቋንቋ ነበር። በቤትህ የበርታን ወይም የጉሙዝን ቋንቋ እየተናገርህ ይህን በአማርኛ የምታነብ ልጅ ሆይ፤ ድካማቸውን አንተ ታውቀዋለህ።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ የቤተ ክህነት ሰው ልጅ የሆኑት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። በእስክንድርያ ከፈረንሳዮች ትምህርት ቤት ተምረው፥ በኋላ በፓሪስ ሕግ አጠኑ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 መንግሥታት በፓሪስ ለሰላም ጉባኤ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ በጉባኤው ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። ከ1961 እስከ 1974 ድረስም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ።

በውጭ አገር የተማሩት ሁሉ ግን ለዚህ ያህል ዕድሜ አልደረሱም። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ፥ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፥ ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። የተማረ ሰው ለአገሩ ምን እንደሚጠቅም ጠላት ያውቅ ነበርና።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለእስክንድርያ የሚጠጣ ውኃ ከ200 ዓመት በፊት በተቆፈረ ቦይ ከዓባይ ይመጣላት ነበር። ግብፅ ከሚደርሰውም ውኃ ከመቶ 85 እጅ ያህሉ ከኢትዮጵያ ምድር የወረደ ነው። እንግዲህ ተማሪው በባዕድ ከተማ ውኃ በጠጣ ቍጥር የአገሩን ውኃ ይጠጣ ነበር። ውኃውና ልጁ ከአንድ አገር ወጥተው በአንድ ከተማ ተገናኙ። ነገር ግን ውኃው ከባሕር ከገባ በኋላ ተመልሶ ሽቅብ አይፈስስም፤ ልጁ ግን ወደ ወጣበት መመለስ ይችላል።

አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላሉ። ዛሬ ግን በዚሁ በክልላችን፥ በጉባ፥ ማደሪያ ተሠርቶለታል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ወንዙን ያሳደረው ድንጋይና ሲሚንቶ ብቻ አይደለም፤ ቍጥርንና ልክን የተማረ ሰው፥ ገንዘቡን ያዋጣ ሕዝብ፥ በዚያ ቆላ ሐሩር የደከመ ሠራተኛም ጭምር ነው።

ልጄ ሆይ፤ አንተም፥ አንቺም፥ አንድ ቀን ከጓደኞቻችሁ ጋራ ርቃችሁ ትሄዱ ይሆናል። ሂዱ፤ ባሕሩን እዩ፤ በፀሐዩም ደስ ይበላችሁ። ሌላውን አገር ማየት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ዓይንን ይከፍታል። ነገር ግን ስትመለሱ እናታችሁ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። አዲስ ልብስና የባሕር ዛጎል ብቻ አታሳዩአት። ልብስ ያልቃል፤ ዛጎልም ይሰበራል። ለታመመው መድኃኒት የሚሆን፥ ለተጠማው ጕድጓድ የሚቆፍር፥ ላልተማረው ፊደል የሚያስቆጥር ዕውቀት ይዛችሁ ኑ። አፈሩን ተሸክሞ እንደ ሄደው ውኃ ሳይሆን፥ ዘሩን ተሸክሞ እንደ ተመለሰ ገበሬ ሁኑ።

ጥያቄ፤
1. ተማሪው በእስክንድርያ የጠጣው ውኃ ከወዴት የመጣ ነበር?
2. ውኃውና ተማሪው በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. አንተ ርቀህ ብትሄድ ለሰፈርህ ምን ዕውቀት ይዘህ መመለስ ትወዳለህ?