ዳዊት ለመድገም የሚመች ታብሌት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው። ማታ ማታ ዳዊት የምደግመው በስልኬ ሲሆን ፊደሉ ይደበዝዝብኛል፤ የልጄ ትልቁ ታብሌት ደግሞ ክንዴን ያዝለዋል። ትንሹን ብገዛ ይሻለኛል? (ከአብነት፣ ልደታ)

የዓይን ባለሙያው መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ተፈጥሯዊ ልስላሴውን እያጣ ስለሚሄድ፣ ስልክዎን ሲያቀርቡት ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ሲያርቁት ያንሳል፣ ቢያጎሉትም የመዝሙሩ ሐረግ ይቆራረጣል፤ 300 ግራም ገደማ የሚመዝነው የ8 ኢንች ታብሌት ግን፣ በአንድ እጅ ተይዞ፣ ሐረጉን ሳይሰብር፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ የሚነበብ በመሆኑ ምርጫዎን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። መርካቶ ሲገዙ የግዕዙን ምንባብ አስከፍተው «ቀ»ንና «ቅ»ን ያለ ጭንቅ መለየትዎን ይፈትኑ። ሆኖም መነጽር ለሚያሻው ዓይን ታብሌት ምትክ አይሆንምና አስቀድመው ይታዩ፤ ዕይታዎ በድንገት ቢቀንስ ወይም ሕመም ቢሰማዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ይሂዱ።